ማንም አልነካትም

«አፍዎን ይክፈቱ፤ ምላስዎን ያንሱ» አላቸው አማቱን።

ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው ራሱም የሰማው። አማቱ የደም ግፊት ኪኒናቸውን ውጠው፣ ውሃውን ጠጥተው፣ ብርጭቆውን ሊመልሱለት እጃቸውን ዘርግተው ነበር። የተዘረጋው እጅ እዚያው አየር ላይ ቀረ። ሚስቱ ጥግ ላይ ቆማ የሥራ ሸሚዟን ስትተኩስ ነበርና ካውያውን ብድግ አድርጋ ያዘችው። ሴትየዋ እንደ ሌላው ሰው አማት ጮኸው ቢሰድቡት፣ «አንተ ምናምንቴ!» ቢሉት፣ በአንድ ጧት ስድብ በተገላገለ ነበር። እሳቸው ግን ነገር ከሆዳቸው የማይወጣ፣ ሲከፋቸው ጭራሽ የሚለሰልሱ ሰው ናቸው። ብርጭቆውን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፣ ሹራባቸውን አስተካከሉ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። አፋቸውን አልከፈቱም። እንዲያውም ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ዘጉት።

«የሥራ ልማድ ነው እማማ፤ አፌን አዳልጦኝ ነው፤ እግዜር ያሳይዎት!» አለ። ልማዱስ እውነት ነው። ሰውየው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ በሴቶች ክፍል ነርስ ነው፤ የፈረቃ መሪ። እዚያ ታካሚ ኪኒን ወሰደች የሚባለው ስትውጥ አይደለም፤ አፏ ተከፍቶ፣ ምላሷ ተነሥቶ፣ ግራና ቀኝ ጉንጯ ታይቶ ባዶ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። ኪኒን ምላስ ሥር ይደበቃል፣ ከዚያ ትራስ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ አንድ ቀን ተጠራቅሞ ይገኛል። ስለዚህ ጧት ጧት የመድኃኒቱን ትሪ ይዞ ሲዞር ይህችን ቃል እንደ ሰላምታ ነው የሚላት። ታዲያ ይህን ለአማት እንዴት ብሎ ያስረዳል? «እንደ ታካሚዎቼ ስለማይዎት ነው» ሊል ነው? ባብራራ ቁጥር የባሰ እየቀባጠረ መሆኑ ገባውና ባዶውን ብርጭቆ አነሣ።

«እናቴን?» አለች ሚስቱ። ካውያውን ሸሚዙ ላይ መልሳ ጫነችው፤ በቤቱ ውስጥ የእንፋሎቱ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር።

ደግሞ የተቀመጡበት ቦታ! ልክ ከአማቱ ራስ በላይ፣ በመስታወት ተደርጎ የተሰቀለ የምስክር ወረቀት አለ። «የታካሚን ክብር በመጠበቅ ላሳዩት አርአያነት» ይላል፤ ከታች ፊርማና ማኅተም። ሚስማሩን መትቶ የሰቀለው ራሱ ነው። ሚስቱ «መኝታ ቤት አይሻልም?» ስትለው፣ «እንግዳ ይየው እንጂ!» ያለውም ራሱ ነው። ይኸው እንግዳ አየው። ጫማውን እንኳ በቅጡ ሳያስር ወጣ።

አውቶቡስ ውስጥ ከብረቱ ላይ ተንጠልጥሎ ራሱን ሲሰድብ ሄደ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ይህን ያህል ዘመን ሰው በቃል እየማረከ ኖሮ፣ ቤቱ ውስጥ አንዲት አሮጊት በቃል አቆሰለ! መሥሪያ ቤት «ዲፕሎማቱ» ነው የሚሉት። ስሙ ሲያሾፉበት የወጣ ነው፤ እሱ ግን እንደ ማዕረግ ተቀብሎታል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንዲት ታካሚ መድኃኒት እምቢ ብላ በግድ የሚሰጣት ሲሆን አምስት ሰው ይገባል። ሁለት ለእጅ፣ ሁለት ለእግር፣ አንድ ለራስ። የራሱ በኩል የእሱ ድርሻ ነው። ሌሎቹ እየታገሉ ሲያልባቸው እሱ ተንበርክኮ፣ ጭንቅላቷን በሁለት መዳፉ ደግፎ፣ በጆሮዋ «አይዞሽ እህቴ፣ አሁን ያልፋል፣ አለሁልሽ» ይላል። ሥራው ሲያልቅ ሌሎቹ ክንዳቸውን ያሻሉ፤ እሱ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ስንት ዓመት ሙሉ፣ የሚይዙት እነሱ ናቸው እንጂ እኔ ማጽናናት ነው ሥራዬ እያለ፣ ከሁሉም ንጹሕ እኔ ነኝ ብሎ አምኖ ኖሯል። ዛሬ ግን የአማቱ የተዘጋ አፍ ከዐይኑ አልጠፋ አለው። አውቶቡሱ ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርስ አንድ ነገር ማለ፤ ዛሬ በእኔ ፈረቃ ሰው አይያዝም። ሰው አማቱን አስቀይሞ ሲወጣ ጻድቅ ለመሆን ይቸኩላል።

የሴቶቹ ክፍል ረጅም ኮሪደር ነው። ወለሉ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፣ ሁልጊዜ በረኪና በረኪና ይሸታል። ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ ነው፤ ከዚያ በላይ ድሮ ነጭ ነበር። በሮቹ ከውስጥ እጀታ የላቸውም። የነርሶቹ ክፍል በመስታወት የታጠረች ጠባብ ቤት ናት፤ የሻይ ማፍያ፣ አንድ እግሩ በፕላስተር የተጠቀለለ ወንበር፣ ዘመኑ ያለፈበት የግድግዳ ካላንደር። ነርሶቹ እዚያ ሆነው ታካሚዎቹን ይጠብቃሉ። ታካሚዎቹም በመስታወቱ ውስጥ ነርሶቹ ዳቦ ሲገምጡ፣ ሲተማሙ፣ ጫማቸውን አውልቀው ጣታቸውን ሲያሹ ያያሉ። ነርሶቹ ግን የሚታዩ አይመስላቸውም።

የዕለቱ ጉዳይ አንዲት ጸጉር ሠሪ ታካሚ ነበረች። ያመጣት ወንድሟ ነው። እንቅልፍ አጥታ ሰንብታ፣ አንድ ቀን የሳሎኗን መስታወቶች ሁሉ ነቅላ አውጥታ አስፋልት ዳር ደረደረቻቸው፤ «እኔን ሲያዩ ከሚውሉ እስቲ መኪና ይዩ» ብላ። መኪና ቆመ፣ ሰው ተሰበሰበ፣ ወንድሟ ተጠራ። አሁን ተሽሏታል። ትተኛለች፣ ትበላለች፣ የክፍሉን ሴቶች ጸጉር በባዶ ጣቷ ስታበጥርና ስትጎነጉን ትውላለች፤ መቀስማ ማን ሰጥቷት! ኪኒኗንም ያለ ጭቅጭቅ ትውጣለች። እምቢ ያለችው በወር አንዴ የሚወጋውን መድኃኒት ነው። ከዚህ ቀደም አንዴ ተወግታ ወር ሙሉ እጇ ሲንቀጠቀጥባት፣ የደንበኛዋን ጆሮ በመቀስ ጫፍ አድምታለች። «ሴትየዋ ምንም አላለችኝም፤ ደሟን በመሐረብ ጠርጋ ሄደች። ተመልሳ ግን አልመጣችም። እሷ ስትቀር ጓደኞቿም ቀሩ» ትላለች። ቀጥላም፣ «ኪኒኑ ካልተስማማኝ ተነጋግረን ይቀነሳል። ያኛው ግን አንዴ ከገባ ማን ያወጣልኛል?» ትላለች። ይህን ስትል ከማንም ጤነኛ አታንስም።

ሐኪሙም የራሱ እውነት አለው። ወጣት ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። ባለፈው ጊዜ ይህችኑ ሴት አምኗት ኪኒን ሰጥቶ አሰናብቷት፣ እቤቷ እንደገባች አቋርጣው፣ ወዲያው ታማ ተመልሳለች። የመስታወቱ ነገር የመጣው ያኔ ነው። ጧት ሕሙማኑን ሲጎበኝ አልጋዋ አጠገብ ብዙም አልቆመም። ኮሪደር ላይ ወጥቶ፣ «ዛሬ ትወጋ፤ እምቢ ካለች ይዛችሁ ስጧት። አልጋ የሚጠብቅ ሰው አለ፣ ቶሎ መውጣት አለባት» አለ።

«ዶክተር፣ ኪኒኑን እየዋጠች ነው እኮ» አለ ዲፕሎማቱ።

«እዚህ እናንተ ስላላችሁ ነዋ! ቤቷ ስትገባ ምላሷን የሚያነሣላት ማን ነው?»

ዲፕሎማቱ ጆሮው ጋለ። ዶክተሩ ስለ ቤቱ ጉድ የሰማ መስሎት እስከ መደንገጥ ደረሰ። ከዚያ «ለእኔ ተውልኝ፤ ሳንነካት ትወስዳለች» አለ። አፉ ዛሬ ከሱ ጋር ተጣልቷል መቼስ።

«ይዘናት ይለፍልን አቦ!» አለ ግንቡ። ግንቡ የሚሉት ረዳቱን ነው፤ ትከሻው በር የሚሞላ፣ ፊት ለፊት ያለውን ጥርሱን አንዲት ታካሚ በክርኗ አውልቃበት እንኳ ያልተቀየመ ሰው። «አንተ ስታባብል ትውላለህ፣ እሷ ስትፈራ ትውላለች። እኛ ስንገባ እኮ ቶሎ ነው የሚያልቀው። ምሳዬም አይቀዘቅዝብኝም።»

«የታካሚ ክብር የሚባል ነገር አለ» አለው ዲፕሎማቱ።

«እሱማ አለ፤ አንተ ቤት ተሰቅሏል» አለ ግንቡ። ነርሶቹ ሳቁ። ዲፕሎማቱም ሳቀ፤ ከሁሉም ጮክ ብሎ የሳቀው እሱ ነበር፣ የሚያመው ቦታ ስለነካው።

ጸጉር ሠሪዋን አልጋዋ ላይ ተቀምጣ አገኛት። የጎረቤቷን ጸጉር ጎንጉና ጨርሳ፣ በጨርቅ ቁራጭ ጫፉን እያሰረች ነበር። ከጎኗ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ከላይ ቆሞ ማናገር ክብር መንካት ነው፣ ይህም ሥልጠናው ላይ ተነግሯል። ስለ እንቅልፏ ጠየቀ፣ ስለ ወንድሟ ጠየቀ፣ ስለ ሳሎኗ ኪራይ አብሯት አማረረ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ አንድ ትንሽ ነገር እንዳለ፣ ለሷው ጥቅም እንደሆነ፣ ማንም ክፉዋን እንደማይፈልግ ነገራት። ሴትየዋ ስታዳምጠው ቆየች። ዐይኗ ግን ከግንባሩ በላይ ነበር።

«ይህችን ጸጉር ከግራ ወደ ቀኝ የምታሻግራት ማንን ልታታልል ነው?» አለችው።

እጁን ሳያስበው ወደ ራሱ ሰደደ።

«ተቆረጣት። መላጣ ሲገልጡት ያምራል፣ ሲደብቁት ነው የሚያስቀው። ለጥቅምህ ነው የምነግርህ።»

«እሱን ሌላ ጊዜ እናወራለን...»

«አየህ? ለጥቅምህ ነው ስትባል አልወደድክም። እምቢ ብትለኝ ታዲያ ጎረምሶች ጠርቼ ላስይዝህ?» አለች። ጎረቤቷ ጸጉሯን ይዛ በሳቅ ፍርስ አለች። እሱም ሳቀ። ሲስቅ ደግሞ አንድ ነገር ገባው፤ ይህች ሴት ልክ ናት። እምቢታዋ የበሽታ አይደለም፣ የእጇ ነው፣ የእንጀራዋ ነው። ሰው እንዲህ እየገባው ተነሥቶ ለሐኪሙ «እኔ አላደርገውም» ይላል። ዲፕሎማቱ ግን «ሻይ ልጠጣና እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ።

ሻዩን ሳይጠጣው ቤት ደወለ። ያነሡት አማቱ ነበሩ። ዛሬ ዕድሉ እንዲህ ናት። ይቅርታውን ደረደረ፤ ልማድ ነው፣ ድካም ነው፣ እንደ እናቴ ነው የማይዎት። እሳቸው እስኪጨርስ ጠበቁት።

«ሰምቻለሁ» አሉ። «ከእንግዲህ ኪኒኑ እኔ ዘንድ ይቀመጣል። ብውጠውም እኔ፣ ብተፋውም እኔ። አንተ ሥራህን ሥራ ልጄ።»

«እሺ እማማ» አለ። ስልኩ ተዘጋ። የቤቱ ነገር በዚህ አለቀ፤ እንዲህ በቀላሉ ማለቁ እንዲያውም አስገረመው። አሮጊቷ የፈለጉት አፋቸውን ለራሳቸው ነው፤ ነገሩ ይኸው ነበር። አያ ዲፕሎማት ግን ሌላ ትምህርት ነው የተማረበት። «ጥፋቴ የቃሉ መክረር ነው» አለ በልቡ። «‹ውሃ ልጨምርልዎ?› እያልኩ፣ እያሳሳቅኩ በዚያው አፋቸውን አየት ባደርግ ኖሮ ማን ይቀየመኝ ነበር?» በዚህ ግኝቱ ደስ አለው። መያዝ የለም፣ መጮህ የለም፤ ነገሩን ሁሉ በለሰለሰ መንገድ ማድረግ ነው። የብልጥ ሞኝ ይሉሃል ይህ ነው።

ግንቡን ጠራ። ከበር ጥበቃውን ጠራ፣ ምግብ አመላላሹን ጠራ፣ ከወንዶቹ ክፍል አንድ ረዳት ተዋሰ። አራቱን ኮሪደር ላይ አሰልፎ መመሪያ ሰጠ፤ እንደ ሠርግ አስተናጋጅ ወዲያ ወዲህ እያለ። «ማንም እንዳይነካት። እጃችሁን ወደ ኋላ። ፊታችሁን ፈታ አድርጉ። ከኔ ኋላ ትቆማላችሁ፣ በቃ።»

«ካልነካናት ለምን እንገባለን?» አለ ጥበቃው። ሥራው በር መክፈት ነውና ነገሩ አልገባውም።

«ለድጋፍ።»

«ለማን?» አለ ግንቡ።

ዲፕሎማቱ ያልሰማ መሰለ። ትሪውን አነሣና ፊት ፊት ሄደ።

ገቡ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አራት ወንድ ሲጨመርበት መስኮቱ ጠፋ። ጎረቤቷ የተጎነጎነ ጸጉሯን ይዛ ቀስ ብላ ተነሥታ ወጣች፤ የሚሆነውን ታውቃለች። ጸጉር ሠሪዋ አልጋዋ ላይ እንዳለች አንድ በአንድ አየቻቸው። ግንቡ ላይ ስትደርስ፣ «አንተን ማን ነው የቆረጠህ? ማጅራትህ ላይ ደረጃ ሠርቶልሃል» አለችው። የሳቀ የለም። ግንቡ እንኳ ወለሉን አየ። እሷም ቀልዱ ቦታ እንዳላገኘ ሲገባት ትከሻዋ ወረደ።

«እህቴ፣ ምንም አትፍሪ» አለ ዲፕሎማቱ ወንበሩን ስቦ እየተቀመጠ። ድምፁ ማር ነበር። «ማንም አይነካሽም። ውሳኔው ያንቺው ነው። እኛ የምንፈልገው መተማመን ነው።»

«እምቢ ብልስ?»

«እንነጋገራለና!»

«እነሱም አብረው ይነጋገራሉ?»

«እነሱ... እነሱ ለድጋፍ ነው የመጡት።»

ከኮሪደሩ የመጥረጊያ ድምፅ ይሰማል። ምግብ አመላላሹ ክብደቱን ከአንድ እግሩ ወደ ሌላው አዛወረ፤ ጫማው ሲጥጥ አለ፤ ሴትየዋ በዚያ ድምፅ ደነገጠች። ዲፕሎማቱ መደንገጧን አየ። አየና ዝም አለ፤ እየተሳካ መሆኑ ገብቶታልና። ከዚያ እሷ ቀኝ እጇን አንሥታ ጣቶቿን ዘርግታ ጥቂት አየቻቸው፣ መልሳ አጠፈቻቸው፣ የግራ እጅጌዋንም እስከ ትከሻዋ ሰበሰበች። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ሲወጋት ፊቷን እንኳ አላዞረችም፤ ዐይኗን ዐይኑ ላይ እንዳደረገች ነበር። እሱ ነው ቀድሞ ያቀረቀረው፣ ጥጡን የሚፈልግ መስሎ።

«ጎሽ! ጀግና ነሽ!» አላት። ምን ዓይነት ቃል ነው ደግሞ ይህ?

ሐኪሙ በኮሪደሩ ሲያልፍ አራቱን ሰዎች በር ላይ አይቶ ብቅ አለ። ዲፕሎማቱ ትሪውን እንደያዘ፣ ፊቱ በርቶ፣ «በፈቃዷ ወሰደች ዶክተር! እጃችን አልነካትም!» አለ።

«በፈቃዷ?»

«ራሷ ናት እጅጌዋን የሰበሰበችው።»

ሐኪሙ ደስ አለው፤ ደክሞት ስለነበር ከሚገባው በላይ ደስ አለው። «ጎበዝ! ከተቀበለችው እንግዲያው በየወሩ እንዲቀጥል አደርጋለሁ። ነገ ጧት ስብሰባ ላይ ተነሥተህ እንዴት እንዳሳመንካት ለሁሉም ትነግራለህ። መማር አለብን እንዲህ ካለ ሰው» አለና ትከሻውን መታ አድርጎት ሄደ። ሰዎቹም ተከተሉት። ዲፕሎማቱ የወደቀ ጥጥ ሊያነሣ ጎንበስ ሲል ነው ድምፅዋን የሰማው።

«በየወሩ» አለች። ቀና ብሎ አያት። እጅጌዋን ገና አላወረደችውም። «ብትይዙኝ ኖሮ እጮህ ነበር። ይህች ጎረቤቴ ትሰማኝ ነበር። ወንድሜ ሲመጣ ‹እምቢ እያልኩ ነው የወጉኝ› እለው ነበር፤ ሐኪሙም እምቢ ማለቴን ያውቅ ነበር። አሁን ማን ያምነኛል? እጅጌዬን የሰበሰብኩት እኔ! አንተ ሰውዬ፣ እምቢታዬን እንኳ አልተውክልኝም እኮ።»

«ዕረፊ፤ ያዞርሽ ይሆናል» አለና ወጣ። የሆነ መድኃኒት ተረስቶበት የሚሮጥ ይመስል ነበር።

ከሰዓት በኋላ ክፍሉ የምስጋና ሆነ። ነርሶቹ ሻይ ቀዱለት። ግንቡ «ክንዴን ጡረታ አስወጣኸው፤ እንግዲህ ቆሜ ብቻ ደሞዝ ልበላ ነው!» እያለ ለመጣ ለሄደው አወራ። ጥበቃው ደግሞ «እኔ ምንም ሳልሠራ ነው የሠራሁት» ብሎ ሰውን አሳቀ። ዲፕሎማቱ ሻዩን ይዞ ፈገግ ብሎ ተቀመጠ። አፈረ። እንዲያ ያፈረበትን ቀን አያስታውስም። እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው ይሉ የለ? እሱ ውሳኔው ያንቺ ነው ብሎ ጠራት፣ በአራት ወንድ ገፋት። ይህን ያህል ዓመት በራስ በኩል ተንበርክኮ ንጹሕ ነኝ ሲል፣ እነ ግንቡን በሆዱ ሲንቅ፣ ለካ ከሁሉ የሚከፋው ያዡ እሱ ነበር! እነሱ እጅና እግር ነው የሚይዙት፤ ሲጨርሱ ይለቃሉ። እሱ የያዘውን መቼ ለቀቀ? ደግሞ በመስታወቱ ውስጥ ታየዋለች። አልጋዋ ከዚያ ይታያል። ፈገግታውን ከፊቱ ላይ ሊያወርድ ሞከረ፤ ፊቱ እንኳ እምቢ አለው።

ፈረቃው ሲያልቅ ነጩን ጋውን አውልቆ፣ ጃኬቱን ለብሶ፣ ቦርሳውን አንግቶ ወደ መውጫው ሄደ። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። «ነገ ይደርሳል» አለ፤ ነገ ግን ስብሰባው ነው። «ለወንድሟ ብደውልስ?» አለ፤ ወንድሟ ምን ሊያደርግ? ሰበብ ሁሉ ሲያልቅበት ተመለሰ። ጸጉር ሠሪዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ጣቶቿን ከመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘርግታ ትመለከታለች። መንቀጥቀጡ ገና አልጀመራቸውም። ስትጠብቀው ነው።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አላት ቆሞ። ወንበር መሳቡን ዛሬ ፈራው።

«ይቅርታህ እጄን ያቆመዋል?»

«አያቆመውም።»

«እና?»

«እናማ... ምን ላድርግ? የገባው ገብቷል።»

«የዛሬው ገብቷል» አለች። «የሚመጣው ወር አልገባም። ነገ ስብሰባ አለ አይደል ያለው ዶክተሩ? እዚያ ተነሥተህ ‹እምቢ ብላ ነበር› በል። ‹በፈቃዷ አይደለም፣ እኔ ነኝ አራት ወንድ ከኋላዬ አሰልፌ ያስፈራራኋት› በል። ሰው ፊት። ከዚያ ኪኒን ይስጠኝ፣ መርፌ ይስጠኝ፣ ከኔ ጋር ይነጋገር። ከኔ ጋር ግን!»

ዲፕሎማቱ ሐኪሙ ታየው፤ ትከሻውን መታ ያደረገው እጅ ታየው። ግንቡ አፉን ከፍቶ ሲያየው፣ ነርሶቹ በክርን ሲነካኩ፣ «ዲፕሎማቱ ምን ነካው?» ሲባል ታየው። ይህ ሁሉ ሰው የሚያከብረው በአንድ ነገር፣ በማባበል ችሎታው ነው፤ እሱንም ነገ ተነሥቶ በገዛ አፉ ሊያፈርሰው ነው። ከዚያስ በኋላ ምን ብለው ይጠሩታል? ደግሞም እሱ ስለተናገረ ሐኪሙ ሐሳቡን ላይቀይር ይችላል። ጭራሽ ሁለቱንም ያጣ ይሆናል፣ ስሙንም፣ የሷንም ነገር። ሴትየዋ አላጣደፈችውም። ጣቶቿን አጥፋ ጭኗ ላይ አኑራ ጠበቀችው፤ እንዲያ ያለ ረጅም ጊዜ ለሷ የሰጣት ሰው አልነበረም።

«እሺ» አላት በመጨረሻ። «እናገራለሁ።»

አላመሰገነችውም። በተቀመጠችበት ወደ ጎን ጋደል ብላ፣ አንገቷን አስግጋ፣ በትከሻው አጠገብ ወደ በሩ አየች።

«ምን ፈለግሽ?» አላት።

«ከኋላህ የቆመ ሰው እንዳለ ብዬ ነው።»

እሱም ዞሮ አየ። ኮሪደሩ ባዶ ነበር።

«ማንም የለም» አላት።

«እንግዲያው በፈቃድህ ነው» አለች፤ የግራ እጅጌዋንም ወደ ታች አወረደች።